ምግብ ኃይል የሚሆነው መቼ ነው?



ለረጅም ጊዜ የተራበ ሕፃን ወደ ሕክምና ሲደርስ የእናቱ ልመና አንድ ነው፤ ይኸውም ልጇ ቶሎና በብዛት እንዲበላላት ነው። ባለሙያው ግን ጥቂት ወተት በኩባያ ለክቶ ይሰጥና ከ3 ሰዓት በኋላ ሌላ ጥቂት ያስከትላል። ይህ አሠራር ለእናቲቱ ንፍገት መስሎ ቢታያት አያስደንቅም። ምክንያቱ የሚገኘው ዓይን በማያየው ሥፍራ፣ በሕዋስ ውስጥ ነውና።

ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ መተንፈስና መንደድ ዘመዳሞች መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ሁለቱም ኦክሲጅን ይወስዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀትም ይሰጣሉ። የሚለያዩት በአካሄዳቸው ነው። እንጨት ሲነድ ኃይሉ በአንድ ጊዜ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሕዋስ ግን ግሉኮስን ደረጃ በደረጃ እያፈረሰ፣ በየደረጃው ከሚለቀቀው ኃይል ከፊሉን ይዞ ያስቀራል።

ኃይሉ የሚያዝበት ንጥረ ነገር፣ ካርል ሎማን እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኘው አዴኖሲን ትራይፎስፌት፣ በአጭሩ ኤቲፒ ነው። ባለ መቶ ብር ኖት ይዞ ገጠር ገበያ የወጣ ሰው ዝርዝር ካላገኘ ጨው እንኳ ለመግዛት ይቸግረዋል። ሕዋስም እንዲሁ ግሉኮስን ወደ ኤቲፒ ካልመነዘረ ልብ ሊመታ፣ ጡንቻም ሊኮማተር አይችልም።

ምንዛሪው የሚከናወነው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አንድ ግሉኮስ ያለ ኦክሲጅን ለሁለት ፓይሩቬት ይከፈላል፤ የሚገኘው የተጣራ ትርፍ 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ፓይሩቬቱ ወደ ሚቶኮንድሪያ ገብቶ፣ ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸውን ዑደት ለመቀላቀል ይለወጣል፤ ይህም ለውጥ ቲያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1 ይጠይቃል። ከዚያ የሚገኙት ኤሌክትሮኖች በውስጠኛው ሽፋን ላይ እየተቀባበሉ መጨረሻ ላይ ለኦክሲጅን ይደርሳሉ፤ ውሃም ይፈጠራል። በጉዟቸው ፕሮቶኖች ወደ ሽፋኑ ማዶ ይገፋሉ። እነዚህም በግድብ እንደ ታቆረ ውሃ ተመልሰው ሲፈሱ እንደ ወፍጮ የሚሽከረከረውን ኢንዛይም ያዞራሉ፤ እርሱም ፎስፌትን እያጣበቀ ኤቲፒ ይሠራል። ፒተር ሚቸል ይህን የፕሮቶን ፍሰት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 አቅርቦ በ1978 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ጠቅላላ ኤቲፒ ዛሬ ከ30 እስከ 32 ይገመታል።

እንግዲህ ዝርዝሩ የሚሠራው ከፎስፌት መሆኑ ልብ ይባል። ሰው ለሳምንታት ሲራብ ሰውነቱ የራሱን ስብና ጡንቻ እያነደደ ይቆያል። ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ክምችትም ይመናመናል፤ በደም ምርመራ ግን ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ምግብ በድንገት ቢሰጥ ኢንሱሊን ያሻቅባል፤ ግሉኮስም ማዕድናቱን ከደም እያስከተለ ወደ ሕዋሳት ይጎርፋል። የተረፈው ጥቂት ቲያሚንም በፍጥነት ያልቃል። ኖቱ ተከምሮ ዝርዝሩ ጠፋ ማለት ነው። የልብ ምት ይዛባል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ረኃብ ያልገደለውም ሰው በማዕድ ፊት ሊሞት ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር ከወጡት ርኁባን መካከል አንዳንዶቹ ምግብ ካገኙ በኋላ መሞታቸው ሐኪሞችን ያስደነገጠው ስለዚህ ነበር።

ስለሆነም በመጀመሪያው የሕክምና ምዕራፍ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው የወተት ድብልቅ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይይዛል፤ ማዕድናትና ቫይታሚኖችም ተጨምረውበታል። የሚሰጠውም በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ነው። የሕፃኑ የምግብ ፍላጎት ሲመለስና እብጠቱ ሲጎድል ብቻ ኃይል ወደሚበዛበት ምግብ ይሸጋገራል።

የ1977 ዓ.ም. ረኃብን ለምታስታውስ ሀገር ይህ የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። ሌሊት የምትነቃ ነርስ አንዱን ሰዓት ብትዘል፣ ወይም እናት ከርኅራኄ ብዛት በድብቅ ብታጎርስ፣ ጉዳቱ በሕፃኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኩባያውን የሚለካ ባለሙያ ምክንያቱንም ለእናቲቱ በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅበታል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል እርሷም ታውቀዋለች፤ የልጇ ሕዋሳትም የሚኖሩት በዚሁ ሕግ መሆኑን የሚነግራት ሰው ብቻ ያስፈልጋታል።