የመኪና ባትሪ ለቤት መብራት፦ ከመቀጠላችን በፊት ሥርዓት ይኑረው

(በመንደራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣነው በየግቢያችን ስለገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ቁጥራቸው ዓይናችን እያየ ጨምሯል። መብራት በጠፋ ቁጥርም «ይህን የሚያህል ባትሪ ግቢ ውስጥ ቆሞ ለምን በጨለማ እንቀመጣለን?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት፣ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ አሥር ቀን ይበቃል። ማታ ምጣዱም ምድጃውም በአንድ ጊዜ ሲበራ መስመሩ ይጨናነቃል። በዚያ ሰዓት መኪናዎቹ ጥቂት ኃይል ቢመልሱለት፣ ሌሊት ጭነቱ ሲቀል ደግሞ ቢሞሉ፣ ጥቅሙ ለሁላችንም ነው።

ነገር ግን ገመድ በገዛ እጅ ቀጥሎ ከመኪናው ወደ ቤት ሶኬት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ለምን ቢሉ፣ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ 220ው ቮልት ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያድግ ይችላል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ በዚህ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እሱም እንደኛው ልጆቹ ቤት የሚጠብቁት ሰው ነው።

ስለዚህ በደንብ መወሰን ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መብራት ሲጠፋ መኪናውን ከውጭው መስመር በራሱ የሚለይ መሣሪያ፤ ሁለተኛ፣ የገባውንም የወጣውንም ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ፤ ሦስተኛ፣ የታወቀ ዋጋ። ባትሪ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ዕድሜው ስለሚቀንስ ባለቤቱን በነጻ ስጥ ማለት አይቻልም። ወጪው ግን መኪና በሌለው ጎረቤት ሂሳብ ላይ መጫን የለበትም።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ፣ መኪናው ወደ መስመር የመለሰው ኃይል ባለቤቱ ሲሞላ በሚከፍለው ዋጋ እንዲታሰብለት ደንግጓል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2024 መኪናዎች ኃይል መቀበል ብቻ ሳይሆን መመለስም እንዲችሉ ተደርገው እንዲሠሩ የማስገደድ ሥልጣን ለኢነርጂ ኮሚሽኗ ሰጥታለች።

እስከዚያው ምን እናድርግ? መኪናው የራሱ መውጫ ሶኬት ካለው አምፖሉን ወይም ፍሪጁን በቀጥታ ከሱ ላይ መሰካት ይቻላል፤ ከቤቱ መስመር ጋር ግን አናገናኘው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ለኮሚቴው ጸሐፊ ተመዝገቡ። ስብሰባው ከተስማማ፣ ሦስቱን ነጥቦች በጽሑፍ አድርገን ለኤሌክትሪክ አገልግሎት እናቀርባለን።

ጎመን በጤና ይባል የለ! አንድ ምሽት በሻማ ማሳለፍ የሰው ነፍስ ከማጥፋት ይሻላል።



የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ