በደብረ ታቦር በዓል ስለ ሕፃናት ጨዋታ የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ ደብራችን ታላላቅ ነገር ከአባቶች ሰምተናል፤ እኔ ግን ስለ ታናናሾቹ፣ ያውም ስለ ጨዋታቸው፣ ጥቂት እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

ጨዋታ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል ቢኖር ትንቢተ ዘካርያስን ምዕራፍ 8ን ይመልከት። ነቢዩ ኢየሩሳሌም በምሕረት በምትጐበኝበት ጊዜ የሚሆነውን ሲናገር፣ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አደባባይና ልጆች የሚጫወቱበት አደባባይ አንድ መሆኑን ያሳየናል።

ይህን አደባባይ እኛ በቡሄ፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታና በማግሥቱ፣ እናገኘዋለን። ጅራፉ ሲጮኽ በተራራው የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦውም ሲበራ የጌታን ብርሃነ መለኮት ያስታውሳል። ስለ ሙልሙሉም አባቶች ሲተርኩ፣ እረኞቹ ልጆች ከብርሃኑ የተነሣ ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው በመስክ ስለ ቆዩ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው ወጡ ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ለወላጅም ድርሻ አለው።

ዛሬ ግን፣ ይልቁንም በከተማ፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው ከደጃፍ ሲደርሱ ዜማውን ሳያስጨርሱ ብር ሰጥቶ መሸኘት ተለምዷል። ብሩ ባልከፋ፤ ነገር ግን ሰጪው ፊታቸውን እንኳ አላየም። ዓለም በ1982 ዓ.ም. የሕፃናትን መብት በጻፈበት ስምምነት፣ በአንቀጽ 31፣ ጨዋታ ለልጅ የተገባ መሆኑን መስክሯል፤ ከልጁ ጋራ የሚቀመጥለትን ሰው ግን አንቀጽ አያመጣለትም።

ልጅ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው እጁ ሥራ በያዘ ጊዜ ነው። ስለዚህ አባት ጅራፉን ከልጁ ጋራ ይግመድ፤ ሲገምድም ስለ ጴጥሮስ፣ ስለ ያዕቆብና ስለ ዮሐንስ፣ ስለ ሙሴና ስለ ኤልያስ ያጫውተው። ደብር በግዕዝ ተራራ ማለት ነውና፣ ደብረ ወርቅም ደብረ ታቦርም በስም እንዲገናኙ ይንገረው፤ ልጁ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አገሩን ማየቱ አይቀርም። ችቦ ለመያዝ ላልደረሰው ለአራት ዓመቱ ሕፃን እናቱ ከሊጡ ቈርሳ ትስጠው፤ የድቡልቡሉ መጣመም አያሳስባት፣ እንደ ተጣመመ ይጋገርለት። ጅራፍ ዓይን እንዳያጠፋ፣ እሳቱም ከሣር ቤት እንዳይጠጋ መጠበቅ የታላላቆች ፈንታ ነው።

ካህናት አባቶቼ ሆይ፣ በመጪው ነሐሴ 12 ቀን ማታ ልጆቹ ከደጃችሁ ሲደርሱ ወጥታችሁ ዜማቸውን እስኪፈጽሙ ከመካከላቸው ትቆሙላቸው ዘንድ እለምናችኋለሁ።