ምድጃውን ትቶ የወጣው ሼፍ
«ቤላ» ስለተባለው ፊልም የተደረገ ዲስኩር



«ቤላ» የሜክሲኳዊው አሌሃንድሮ ጎሜስ ሞንቴቬርዴ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲያሳዩት «ጁኖ»ና «ኖክድ አፕ»ም ያልታሰበ እርግዝናን ይዘው ወጥተው ነበር። እነዚያ በሳቅ መጡ፤ ይኸኛው በዝግታ።

ነገሩ የሚጀምረው ኒውዮርክ ውስጥ፣ በአንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጇ ኒና አርፍዳ ትደርሳለች። ባለቤቱ ማኒ «ምን ሆነሽ ነው?» ሳይል ያባርራታል። እሷ ደግሞ ማርገዟን ገና ማወቋ ነው። ሼፉ ሆሴ፣ የማኒ ወንድም፣ ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት ምድጃውን ትቶ፣ ነጭ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መንገድ ላይ ይከተላታል።

ስለ ርኅራኄ ይህ ፊልም የሚነግረን ትልቁ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሆሴ ገንዘብ አላወጣም፣ ስብከትም አልጀመረም። የሰጣት ቀኑን ነው፤ ያውም ዋጋ እንደሚያስከፍለው እያወቀ። ሥራ ሊያፈላልግላት አንድ ወዳጁ ምግብ ቤት ይወስዳታል፤ ከዚያ ባሕር ዳር ወዳለው የወላጆቹ ቤት። ኒና አባቷን በልጅነቷ የቀበረች፣ እናቷም በሐዘን የተሰበረችባት ሴት ናት። ሆሴ ቤት ስትገባ ግን ምግብ ይቀርባል፣ ይሳቃል፣ ይጨፈራል። የዚያ ቤት ሰዎች «ማነሽ? ከየት መጣሽ?» ብለው አላስጨነቋትም፤ ብይ፣ ጠጪ ነው ያሏት።

እዚያው ቤት፣ ማኒ ራሱ በማደጎ ያደገ ልጅ መሆኑን እንሰማለን። እርጉዟን ከደጁ ያባረረው እሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ! ፊልሙ ይህን ጣል አድርጎት ያልፋል፤ ባለማብራራቱ አመሰግነዋለሁ።

የሆሴ ደግነት ግን ቁስል አለበት። ድሮ የእግር ኳስ ኮከብ ነበር። ውል ሊፈርም ሲሄድ መኪናው አንዲት ሕፃን ገጭቶ ገደለ፤ ታሰረ፤ ኳሱም ቀረ። ስለዚህ ኒናን የሚከተላት ለእሷ አዝኖ ነው ወይስ የራሱን ዕዳ ሊከፍል? ሁለቱም ይመስለኛል። በዚህ አልከሰውም፤ ንጹሕ ምክንያት እስኪያገኝ የሚጠብቅ ሰው ማንንም አይረዳም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ኒና ፅንሱን ለማስወረድ አስባ ነበር። ፊልሙ ግን ዓመታትን ዘሎ የወለደቻትን ልጅ በሆሴ እጅ አድጋ ያሳየናል። ውሳኔው እንዴት ተለወጠ? ያ ወር የገባ ሆድ፣ ምጡ፣ ልጅን ለሌላ ሰጥቶ ባዶ እጅ መመለሱስ? ከባዱን የተሸከመችው እሷ ሆና ሳለ፣ ካሜራው የተከተለው ሆሴን ነው። ሆሴ የሌላቸው ሴቶችማ ከነጭራሹ አልታሰቡም።

ደራሲዎቹ የዘለሉትን በከፊል የሞላችው ተዋናይቷ ታሚ ብላንቻርድ ናት። ኒናን ለማዘን የምትመች ምስኪን አላደረገቻትም። ትቆጣለች፣ ትቀልዳለች፣ ሆሴ ሊያባብላት ሲሞክር «አንተ ምን ታውቃለህ?» በሚል ዓይን ታየዋለች። እሱም አይቀየምም፤ አብሯት ይሄዳል።