ካፌይን የከፋ ልጅ ነው?

ቡናው በረካ ሳይደርስ እጨርሳለሁ።

ትናንት ከተማውን ስትዞሩ «ካፌይን የሚለው ስም ከከፋ የመጣ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔም ክፍሌ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ «ዶክተር፣ ቡና ተው አይበሉኝ፤ በአገራችን ስም የተጠራ እኮ ነው!» ይሉኛል።

እስቲ የስሙን የሕመም ታሪክ እንውሰድ። ካፌይንን እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ ነው፤ ፍሬውን እንዲመረምር የሰጠው ደራሲው ጎተ ነበር። ስሙ በኋላ ሲወጣ በአውሮፓውያን የቡና መጠሪያ ላይ «ኢን» ተቀጠለበት፤ እንደ ሞርፊን፣ እንደ ኪኒን። የአውሮፓው ቃል ከቱርክ «ካህቬ»፣ የቱርኩ ከዐረብ «ቃህዋ» ነው። «ቃህዋ» ደግሞ ከቡና በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። ስለዚህ ከከፋ ወጣ ለማለት ማስረጃው ሳሳ ያለ ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፤ ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም አይደል?

ይህን ስል የሚከፋው ሰው አለ፣ አውቃለሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው፦ ኩራታችንን በዚህ ስም ላይ ካቆምነው፣ ስሙ የወደቀ ዕለት «ቡናውም የእናንተ አይደለም» ይባላል። ዛፉ ግን እዚሁ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ሊኒየስ በ1753 «አረቢካ» ብሎ ስላስመዘገበው የየመን አልሆነም።

የእኛው ቃል ሌላ ነው፤ በካፊ ኖኖ «ቡኖ»፣ በአማርኛ «ቡና»፣ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። ኬሚስቶቹ ግን የያዙት የመጠጡን ስም ነው። በቡና ዘይት ውስጥ ያለው ካህዌኦል እንኳ ስሙ ከ«ቃህዋ» ነው። (ሐኪሞች ናችሁና በዚያው ልበላችሁ፦ እሱና ካፌስቶል ኮሌስትሮል ይጨምራሉ፤ የወረቀት ማጥለያ ያስቀራቸዋል፣ ጀበናችን ግን ወረቀት አያውቅም።)

ከአማርኛ በቀጥታ ኬሚስትሪ ውስጥ የገባ ስም ከፈለጋችሁ ኮሶን ተመልከቱ። አያቶቻችን አበባውን ወቅጠው ለትል ይጠጡት ነበር፤ ትሉንም በመድኃኒቱ ስም «የኮሶ ትል» አልነው። አውሮፓውያን አበባውን ወስደው መረመሩት፤ ከውስጡ ያገኟቸውን ንጥረ ነገሮች ኮሲን፣ ኮሶቶክሲን አሏቸው። ቃላችን ሳይለወጥ ገባ፣ «መርዝ» ከሚል ቃል ጋር ተጣብቆ። በዚህኛው ሲኮራ የሰማሁት ሰው እስካሁን የለም።