«ስልክህን ክፈት» ሲባል ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አንቀጽ ነው፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26።

ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ «ስልክህን ክፈት፣ ፎቶህን አሳይ፣ ቴሌግራምህን አሳይ» ያልተባላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ለምደነዋል። ሻንጣ እንደማስፈተሽ ቆጥረነዋል። ግን አንድ አይደለም! ሻንጣ የሚፈተሸው መሣሪያ እንዳይገባ ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ግን እናታችሁ የላከችላችሁ ድምፅ፣ የጓደኛችሁ ምስጢር፣ የራሳችሁ ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥቱም ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከብርበራ ከጠበቀ በኋላ፣ ደብዳቤንና በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን ለብቻው በንዑስ አንቀጽ 2 አስቀምጦታል። ገደብ የለውም ወይ? አለው። ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ዝርዝር ሕግ አይደለም።

ነገሩ ደግሞ በ1987 የመጣ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በንጉሡ ዘመን በ1954 የወጣው፣ ከ60 ዓመት በላይ የተሠራበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33ን አንብቡት። የብርበራ ትዕዛዝ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስ ከዚያ ውጭ መውሰድ አይችልም። ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት በር ማንኳኳት ያኔም የተለመደ ሆኖ አልተፈቀደም ማለት ነው። ያለ ትዕዛዝ የሚገባበትም ጊዜ አለ፤ ተጠርጣሪው እየተባረረ ቤት ከገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ሊሸሽ ነው የሚል በቂ ምክንያት ካለ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ? አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ 26 የለም። ስለዚህ የሐምሌ 2015ቱ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መበርበርን ፈቀደ። ግን አዋጁ አንዴ ለአራት ወር ተራዝሞ በ2016 ጊዜው አልፏል። አዋጁ ሲያልቅ መብቱ ይመለሳል። ያልተመለሰው የእኛ ልማድ ነው፤ ዛሬም ሳንጠይቅ ስልካችንን እንዘረጋለን።

ግብግብ አትፍጠሩ፤ ሕጉ በሩ የተዘጋበት ፖሊስ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። በትህትና «ትዕዛዙን ላየው?» በሉ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሰጠውና ምን ዕቃ እንደሚጠቅስ እዩ። ስልክ ከተወሰደባችሁ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደው የዚያኑ ቀን ጻፉ። ጠበቃ ጋ ወይም ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።