ሩዝን በፎቶግራፍ መከታተል
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ሰብሉን ወጥቶ የማያይ ገበሬ የለም። እኛም ማለዳ በማሳው ዳር ቆመን ሩዙን ዐይተን እንመለሳለን። ታዲያ የዛሬውን አረንጓዴ ካለፈው ሳምንቱ ጋር አስተያዩ ብንባል እንችላለን ወይ? አንችልም። ዓይን ያያል እንጂ ቀለም አያስቀምጥም። ፎቶግራፍ ግን ያስቀምጣል።

ለምሳሌ የፎገራን ሜዳ እንውሰድ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በሚተኙበት በዚያ መሬት ሩዝ በሰኔ ይዘራል፤ ኅዳር ገደማ ይታጨዳል። በመካከሉ ዩሪያ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ዩሪያ ደግሞ ውድ ነው። ሩዙ ሳይርበው ከጨመርነው ከፊሉ በውሃ ይሄዳል፣ ከፊሉ ይተናል። ከበዛም ሩዙ ቅጠል ብቻ ያበዛና ይጋሸባል። ከዘገየን ዘለላው ያንሳል። እንግዲህ ሩዙ መቼ እንደ ራበው ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ረሃቡ በቅጠሉ ይታወቃል። ናይትሮጂን የሚባለው ምግብ ሲያንስ ቅጠሉ ይገረጣል። ይህን ለመለየት በጃፓን የቅጠል ቀለም መለኪያ ተሠራ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም በኋላ አሻሽሎታል። ካሜራም የሚረዳን እንደዚያው ነው። ሥዕሉ የጥቃቅን ነጥቦች ጥርቅም ስለ ሆነ ተመራማሪዎች የየነጥቡን አረንጓዴ በኮምፒዩተር ይለካሉ፤ ከመሬቱ ምን ያህሉ በቅጠል እንደ ተሸፈነም ያሰላሉ።

ኮምፒዩተር ከየት እናምጣ ትሉ ይሆናል። ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አይጠፋም፤ እሱ ይበቃል። በማሳው ውስጥ አንድ እንጨት እንትከል። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው እንጨት አጠገብ፣ በዚያው ከፍታ እናንሣ። ቀትር ላይ አይሁን፤ ውሃው እያብረቀረቀ ያበላሸዋል። ከቅጠሉ አጠገብ ነጭ ወረቀት ይያዝ። ወረቀቱ በአንዱ ሥዕል ነጭ፣ በሌላው ብጫ ከሆነ ያታለለን ካሜራው ነው እንጂ ሩዙ አይደለም። ቀኑን በደብተር እንጻፍ፤ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ካሜራው ግን ብጫውን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ ብዙውን ጊዜ የናይትሮጂን ማነስ ነው። ለጋዎቹ ቀድመው ከገረጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዩሪያ ለመበተን አንቸኩል። ስልኩን ይዘን ወደ ግብርና ባለሙያው እንሂድ። ማሳው ድረስ መምጣት ባይችል እንኳ የአራት ሳምንቱን ሥዕል በተርታ ሲያይ፣ ብጫው መቼና ከየትኛው ቅጠል እንደ ጀመረ ይደርስበታል።