ኳሱ የማን ነው?

(ከሴቨን ኮርነርስ የተላለፈው የሳምንቱ ሐተታ ሙሉ ቃል)

 

ዛሬ ከፖለቲካው ገለል ያልን ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ብዙም አልራቅንም። የምናነሳው ጌምን ነው፤ ልጆቻችን ቤዝመንት ገብተው፣ በር ዘግተው የሚጫወቱትን። እኛ ወላጆች «ተው፣ አጥና» ስንል የዚህ አገር ባለጸጎች ሚሊዮኖችን ይዘው እዚያው ገብተዋል። ምን ፈልገው ገቡ? ምንስ አተረፉ?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የፊላደልፊያው የቅርጫት ኳስ ክለብ ሰቨንቲሲክሰርስ፣ ዲግኒታስ የተባለውን የጌም ቡድን ገዛ። በዚያው ሰሞን የእኛው ከተማ የዊዛርድስና የካፒታልስ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ፣ ቲም ሊኩዊድን ከገዙት ባለሀብቶች አንዱ ሆኑ። በ2018 ደግሞ የኤንቢኤ ቱኬይ ሊግ ተጀመረ። የዋሽንግተኑ ዊዛርድስ ዲስትሪክት ጌሚንግ በ2020 እና በ2021 በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ። ዋናው ቡድን እኮ ከ1978 ወዲህ ዋንጫ አላየም!

ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ወጣቱ እንደ እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጨዋታ አያይም። ተመልካች ከሸሸ ማስታወቂያ ይሸሻል፤ ማስታወቂያ ከሸሸ ክለቡ ይራቆታል። ስለዚህ ልጆቹ ወዳሉበት ሄዱ።

ታዲያ ምን ሆነ? ኦቨርዋች ሊግን እንውሰድ። በ2018 ሲጀመር አንድ ቡድን ለመግቢያ ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ተዘግቧል። የኒው ኢንግላንድ ፓትርዮትስ ባለቤት ሮበርት ክራፍት ቦስተንን ያዙ። የዋሽንግተን ካስልስ የቴኒስ ቡድን ባለቤት ማርክ አይን በ2019 ዋሽንግተን ጀስቲስን ይዘው ገቡ። በፊላደልፊያ ለጌም ብቻ የሚሆን የ50 ሚሊዮን ዶላር አዳራሽ ሊሠራ የመሠረት ሥነ ሥርዓት ተደረገ። አዳራሹ አልተሠራም። ሊጉም በ2023 ተዘጋ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ሰፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት ኳሱን ያመጣው ልጅ ሲከፋው ምን ያደርግ ነበር? ኳሱን ታቅፎ ቤቱ ይገባል፤ ጨዋታው ያበቃል። ኦቨርዋችም እንዲሁ ነው። ጌሙን የሠራው ኩባንያ የጨዋታውም፣ የሕጉም፣ የሊጉም ባለቤት ነው። ክራፍትን የሚያህል ቢሊየነር እንኳ እዚያ ቤት ተከራይ ነበር።

እግር ኳስን ግን ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም። በካልሲ ጠቅልለን ሠርተነዋል፤ ማን ፈቃድ ጠየቀን? በኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ፊፋና ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2022 ሲለያዩ ጌሙ ስሙን ቀይሮ በ2023 ቀጠለ፤ ፊፋ ግን ጌሙን አጣ። የዓለም እግር ኳስ አስተዳዳሪ በራሱ ስም ይጠራ የነበረው ጌም ባለቤት አልነበረም ማለት ነው።

ያተረፈ የለም አልልም። የጀርመኑ ሻልከ በ2021 ወርዶ፣ ዕዳ አንቆት ሳለ የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቦታውን በ26.5 ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ ትንፋሽ አግኝቷል። ግን ያተረፈው በጊዜ ሸጦ በመውጣቱ ነው፤ ቢቆይ ኖሮ ያው ተከራይ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በአገር ቤት አብዛኞቹ ክለቦቻችን በመንግሥት በጀትና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ የሚተዳደሩ ናቸው። ደጋፊው ይጮኻል፣ ያለቅሳል፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። በጀቱ ሲቋረጥ ተጫዋቹ ደመወዝ ያጣል። ኢንተርኔቱም እንደዚያው ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ የባሕር ዳሩ ልጅ ጌም ቀርቶ ዘመዱን ማግኘት አልቻለም። ቁልፉ በሌላ እጅ ነዋ!

በስደት ያለነው ግን የራሳችን የሆነ ነገር አለን። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያሰባስበን ማንም ስለፈቀደልን አይደለም፤ እኛው ስላቆምነው ነው። እዚያ ሜዳ ዳር ድንኳን ተክሎ ለልጆቻችን የጌም ውድድር ማዘጋጀት ምን ይከብዳል? ከወላጅ ጋር ለመምጣት የሚያኮርፈው የ14 ዓመት ልጅ ራሱ «እንሂድ» ይለናል። ጌሙ የኩባንያው ቢሆንም መሰባሰቡ የእኛ ይሆናል።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁን «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ብቻ አትበሉት። «ይህን ጌም ማን ሠራው? አንተስ መሥራት አትችልም?» በሉት። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኔ ጌምስ የሚባሉ ወጣቶች «ኩኩሉ» የተባለ የሞባይል ጌም ሠርተዋል። እነሱ ከቻሉ፣ በፌርፋክስና በሞንጎመሪ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚማሩት የእኛ ልጆች ምን ያግዳቸዋል?

ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን። በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።